አባቴን ያስጠናሁበት የዝናብ ወራት

ኤፕሪል 9፣ ሐሙስ

ይህ የኬሚስትሪ ደብተሬ ነው። የፊቱ አሥራ አንድ ገጽ የመምህሩ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለው የእኔ። እናቴ ብታገኘው ከፊት ነው የምትገልጠው። ሁለት ቀመር ስታይ «ማሻአላህ» ብላ ትዘጋዋለች።

የምጽፈው ጉድ ስላለ ነው። አባቴ ተማሪ ሆነ። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ!

አባቴ አትማን ሞምባሳ ወደብ አጠገብ ባለ፣ ጭነት ከጉምሩክ በሚያስለቅቅ ድርጅት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ኬብል ይዘረጋል፣ ራውተር ያስነሳል። (ራውተር ማለት የትኛው መልእክት በየት በኩል እንደሚሄድ የሚወስን ሳጥን ነው። ትራፊክ ፖሊስ በሉት፤ ጉቦ የማይበላ።) ባለፈው ሳምንት ሚስተር ዌኬሳ የሚባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከናይሮቢ መጣና፣ «የኔትወርክ ባለሙያነት ፈተና አልፎ እስከ ጁን 30 የምስክር ወረቀት ያላመጣ ቴክኒሽያን ራውተር አይነካም» አለ።

«ራውተር የማይነካ ቴክኒሽያን ታዲያ ምን ይነካል?» ብዬ አባቴን ጠየቅኩት።

«በሩን» አለ። «ከውስጥ ወደ ውጭ።»

እናቴ አልሳቀችም። እኔ ግን ስቄ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያስቅ አልነበረም።

ኤፕሪል 12

የምግብ ጠረጴዛችን ተወረሰ። አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ የተጣሉ ሁለት አሮጌ ራውተሮች አምጥቶ በላዩ ደረደረ። ሲበሩ እንደ ጀልባ ሞተር ነው የሚጮኹት። ምሳ የምንበላው ምንጣፍ ላይ ነው።

እኔ አንባቢ ሆኜ ተቀጥሬአለሁ፤ ደመወዝ የለውም። እሱ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ይይዛል፣ እኔ ጥያቄውን ጮክ ብዬ አነባለሁ።

«መነጽር ግዛና ራስህ አንብበው» አልኩት።

«ሰው የሚማረው በጆሮው ነው። ቁርኣኑን በምንሽ ነው የተማርሽው?»

ጥያቄውን ማንበብ ቀጠልኩ። መሸነፍ አልወድም።

ኤፕሪል 15

ራውተር ላይ «ክፈት» የሚባል ትእዛዝ የለም! የተዘጋ መስመር መክፈት ሲፈለግ «ኖ ሻት» ነው የሚባለው፤ «አትዘጋ» እንደ ማለት። ማን ነው እንዲህ የሚያወራው? አባቴን ስጠይቀው «እናትሽ» አለ። «ደህና ነሽ ስላት ‹አልታመምኩም› አይደል የምትለው?»

እናቴ ከኩሽና ሆና «ሰምቼአለሁ!» አለች።

ዛሬ አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር። ትእዛዙን ሳልጨርስለት ጣቶቹ ጽፈው ይጨርሳሉ። እንደ ፒያኖ ተጫዋች ነው፣ ወላሂ። ቁጥር ላይ ሲደርስ ግን ይሳሳታል። ስክሪኑ ላይ 3 የተጻፈውን 8 አለው። 6ን 0 አለው። «አባዬ፣ አንደኛ ክፍል እንመልስህ?» አልኩት። ሳቀ። ግን ሳቁ ዘግየት ብሎ ነው የመጣው።

ኤፕሪል 23፣ ሐሙስ

ዝናብ። መንገዱ ወንዝ ሆኗል።

አባቴ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ወደ ማዶ፣ ወደ ሊኮኒ ተሻገረ። ሲመለስ ጥቁር የፀሐይ መነጽር አድርጓል። በዝናብ! በር ላይ የተቀመጠውን የከሰል ምድጃ በእግሩ መታው፤ ከሰሉ ተበተነ።

አክስቴ ምዋናኮምቦ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ በነፃ የምታከፋፍለው፣ አይታ ከንፈሯን መጠጠች። «ወንድ ልጅ በሃምሳ ዓመቱ ጥቁር መነጽር ካደረገ ወይ ዘፋኝ ሆኗል ወይ ሊያገባ ነው። አትማን ደግሞ ድምፅ የለውም።»

ሳቅሁ። ከዚያ መሳቄን አቆምኩ።

ኤፕሪል 26

ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚሻገረው። ቆጠርኩ፤ አራት ሐሙስ።

ሁለተኛ ሚስት? አባቴ? የመጀመሪያዋን እንኳ ይፈራታል!

ኤፕሪል 30፣ ማታ

ግድግዳችን ቀጭን ነው፤ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

እናቴ፦ «እስከ መቼ ነው የምትደብቃት? ንገራት።»

አባቴ፦ «ፈተናው ይለፍ።»

እናቴ፦ «ልጅ አይደለችም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሰው አፍ ብትሰማውስ?»

አባቴ፦ «ዙህራ፣ ዌኬሳ ቢሰማ ዛሬውኑ ነው የሚያሰናብተኝ። የእሷን አፍ ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

የእኔን አፍ! እኔ ምን አፍ አለኝ? (ባለፈው ዓመት የአክስቴን የጥርስ ነገር ለሠርግ ቤቱ ሁሉ ያወራሁት ሌላ ጉዳይ ነው።)

አልገባኝም። ሚስተር ዌኬሳ አባቴ ሌላ ሴት ቢያገባ ለምን ያሰናብተዋል? ሰውዬው ራሱ ሁለት እንዳለው ነው የሚወራው። ሁለት ሰዓት ተገላበጥኩ። እናቴ ደግሞ ስትናገር አላለቀሰችም፤ ድምፅዋ የለሰለሰ ነበር። ቅናት እንዲህ ነው እንዴ? እኔ ብሆን ራውተሮቹን በመስኮት ነበር የምወረውራቸው።

ሜይ 3

ተናድጄአለሁ። ስናደድ ደግሞ እጄ አያርፍም።

ራውተር በየመስመሩ መጀመሪያ የራሱን ስም ይጽፋል፤ ስሙን የሚያወጣለት ባለቤቱ ነው። ትእዛዙን አባቴ ራሱ ነው ያስተማረኝ። እሱ ለሶላት ሲነሳ የአንዱን ራውተር ስም ለወጥኩት፤ በእንግሊዝኛ ካፒታል ፊደል «ሽማግሌው-አንቀላፋ»። አሁን በጻፈ ቁጥር፣ በእያንዳንዷ መስመር ላይ ስድቡ ይመጣል። ተመልሶ እስኪቀመጥ ከንፈሬን ነክሼ ጠበቅኩ።

ተቀመጠ። ጻፈ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጻፈ። ምንም አላለም።

ሜይ 4

ዛሬም ምንም።

ሜይ 6

ምንም! ስድቡ ሠላሳ አርባ ጊዜ አፍንጫው ሥር ተደርድሮ እሱ በእርጋታ «ቀጥይ፣ ሙኒራ» ይለኛል። በቃ ንቆኛል ማለት ነው። ወይስ ትዕግሥት ሊያስተምረኝ ነው? አባቴ ሲቆጣ ይጮኻል እንጂ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራኛል።

ልመልሰው? ብመልሰው ተሸነፍኩ ማለት ነው። አልመልሰውም።

ሜይ 10፣ እሑድ

ምዜ ቻሮ መጡ። (ምዜ ማለት «አባባ» እንደ ማለት ነው።) የአባቴ የሥራ ባልደረባ ናቸው፤ እሳቸውም ይፈተናሉ። አጠናናቸው ግን ልዩ ነው። አንድ የኮምፒውተር ቤት ልጅ ሦስት መቶ የፈተና ጥያቄ ከነመልሱ ሸጦላቸዋል። ጥያቄውን አያነቡም። መልሱን ብቻ ነው የሚሸመድዱት፤ ያውም ፊደሉን።

«አንድ ለ፣ ሁለት መ፣ ሦስት ሀ፣ አራት ለ» እያሉ ይወዛወዛሉ፣ ሻያቸው እየቀዘቀዘ።

«ምዜ፣ የጥያቄው ተራ ቢለወጥስ?» አልኳቸው።

«ተራ አይለወጥም። ገንዘብ ከፍያለሁ።»

«አራተኛው ጥያቄ ስለ ምንድን ነው?»

«አራተኛው ለ ነው።»

ሆዴን ይዤ ስስቅ እሳቸው ወደ ስክሪኑ ዞር አሉ። ከዚያ ፈነዱ። «ሽማግሌው አንቀላፋ! ሃሃሃ! አትማን፣ ይሄን ስም አንተ ነህ ያወጣህለት? ምነው ሙሉ ስክሪን ሞላብህ!»

አባቴ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዞረ። በጣም ተጠጋ፤ አፍንጫው ሊነካው ጥቂት ቀረው። ቆየ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና፣

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር። እጇን አቆመች።

እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። ምን እንደሆንኩ አላውቅም። አባቴ አይዋሽም። የዋሸው እኔን ለማዳን ነው? ለምን እንደዚያ ተጠጋ?

በኋላ ስሙን መለስኩት። ለማንም አልነገርኩም። እሱም አላነሳውም።

ሜይ 14፣ ሐሙስ

ተከተልኩት።

ጀልባው ላይ ሕዝቡ ጢም ብሎ ነበር። ሁለት እርምጃ ከኋላው ቆምኩ። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ቀጥታ አየኝ። ሞትኩ አልኩ። ዓይኑ አልፎኝ ሄደ።

ማዶ ገበያውን አልፎ አንድ ነጭ ሕንጻ ገባ። በረንዳው ላይ አሮጊትና ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል፤ አንዳንዶቹ ዓይናቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ተለጥፏል። አንዲት ነርስ ስሙን ጠራች። «አትማን» አለች፣ እንደምታውቀው ሰው።

ሁለተኛ ሚስት የለችም።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ሜይ 17

የስክሪኑን ፊደል አተለቅሁት። በጣም። አንድ መስመር ላይ አምስት ቃል ብቻ ነው የሚገባው።

አባቴ ተቀመጠ። እጁ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ቆየ።

«ማን ነው ያተለቀው?»

«እንጃ። ኮምፒውተሩ ራሱ ይሆናል።»

«ጎበዝ ኮምፒውተር» አለና መጻፍ ጀመረ።

ዛሬ ከሃያ ቁጥር አንድም አልሳተም።

ሜይ 29

ዒዱ አልፎ ጥናት ተመለሰ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በነጎድጓዱ መብራት ጠፋ። እናቴ «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አለች። አክስቴ ለመነሳት ስትሞክር ድስቱን ገለበጠችው። አባቴ ግን በጨለማው ውስጥ ሄዶ ከመሳቢያው ሻማ አውጥቶ መጣ፤ ምንም አልነካም፣ ምንም አልጣለም።

«ድመት!» አለች አክስቴ ተገርማ።

ለምን እንደማይቸገር አውቃለሁ። አላልኩም። አፌ እንዲህ ዝም ማለት መቻሉን እኔም አላውቅም ነበር።

የምፈራው ሌላ ነው። ጥያቄውን የማነብለት እኔ ነኝ። ፊደሉን የማተልቅለት እኔ ነኝ። የፈተናው ክፍል ውስጥ እኔ የለሁም። እየረዳሁት ነው ወይስ እያታለልኩት? ልነግረው ብል «ታውቂ ነበር?» ይለኛል። ባልነግረው ደግሞ ይሄዳል፣ ይወድቃል፣ ያሰናብቱታል።

ጁን 12

ምዜ ቻሮ ተፈተኑ። ወደቁ። ተራው ተለዋውጦ ነው የመጣው።

«ሌቦች!» ይላሉ። «ለ የነበረውን ሁሉ ሐ አድርገውብኛል!»

መሳቅ አልቻልኩም። የአባቴ ፈተና በሁለት ሳምንቱ ነው።

ጁን 19

ሦስት ጊዜ «አባዬ» ብዬ ጀመርኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ሻይ ላምጣልህ?» ብዬ ጨረስኩ። ሦስት ሻይ ጠጣ። ፈሪ ነኝ።

ጁን 26፣ ዓርብ

እንዳይጠፋኝ በዝርዝር ልጻፈው።

አብሬው ሄድኩ፤ «መንገድ ላይ ጥያቄ ልጠይቅህ» ብዬ። የፈተና ማዕከሉ ባንክ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ እጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ነበር፤ እኔ ስለ ትምህርት ቤት አወራለሁ፣ እሱ «እህ» ይላል።

የምትመዘግበው ወጣት ሴት ነበረች፣ ራሷን በሰማያዊ ሻሽ የሸፈነች። መታወቂያውን ተቀብላ አንድ ወረቀት ሰጠችው። «አባባ፣ ደንቡን ያንብቡና ከታች ይፈርሙ።»

አባቴ ወረቀቱን ወደ እኔ አሳለፈው። «መነጽሬን ረሳሁት። አንብቢልኝ።»

«ይቅርታ፣ ራስዎ ማንበብ አለብዎት» አለች ልጅቷ። «ውስጥም ማንም አያነብልዎትም።»

ከኋላችን አራት ወጣቶች ተሰልፈዋል። አንዱ ሰዓቱን አየ። አባቴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞረው፣ ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ ራቅ አደረገው። እጁ ወረቀቱን ደጋግሞ አቃና። ሃያ ሁለት ዓመት ፀጉር የሚያህል ሽቦ የገጠመ እጅ።

እኔ መናገር ነበረብኝ። «አባቴ አያይም» ሁለት ቃል ነው። በዓመት ስንት ሺህ የማይረባ ቃል አወራለሁ? ሁለቱ አልወጣ አሉኝ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ልጄ» አላት ልጅቷን። «መነጽር የለኝም። መነጽርም አይረዳኝም። የስኳር በሽታው ዓይኔን በልቶታል። ግራው ጨርሷል፣ ቀኙ ትንሽ ያያል። ሥራውን አውቀዋለሁ። ወረቀትሽን ግን ማንበብ አልችልም።»

ሰዓቱን ያየው ልጅ እጁን ኪሱ ከተተ።

ልጅቷ ብድግ አለች። «ታዲያ ለምን ሲመዘገቡ አልተናገሩም? ትልቅ ስክሪን አለ። ተጨማሪ ሰዓት አለ። የሐኪም ደብዳቤ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።»

«ታዲያ መቼ እፈተናለሁ?»

ኮምፒውተሯን ነካካች። «ደብዳቤው እስኪታይ... ኦገስት 5።»

ኦገስት! ጁን 30 በአራት ቀኑ ነው። ዛሬ ቢገባ ምናልባት፣ በመገመት፣ ጣቱን አምኖ... አባቴም ይህንኑ ያሰላ ነበር፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

«ኦገስት ይሁን» አለ።

ወጣን። ደረጃውን ወርደን መንገዱን ተሻገርን። ከዚያ፦

«ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«ከመቼ?»

«ከጀልባው።»

«ያ የራውተር ስም የማን ነበር?»

«...የእኔ።»

«ምን ይል ነበር? ቻሮ ሲስቅ በደንብ አልሰማሁትም።»

ሰምቶታል፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ነገርኩት። «አላንቀላፋሁም እኮ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ስድብ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጁን 30

ዛሬ ሚስተር ዌኬሳ ጋ ገብቶ ሁሉንም ነገረው። እኛ ቤት ተቀምጠን ጠበቅን። እናቴ የተሰፋ ቀሚስ መልሳ ትተረትር ነበር፣ ያለ ምክንያት።

ሲመጣ፣ «ሰውዬው ምን አለህ?» አለችው።

«ወንበር ነው ያሳየኝ።»

«የምን ወንበር?»

«ስልኩ አጠገብ ያለውን። እስከ ኦገስት ራውተር አልነካም፤ ስልክ አነሳለሁ። ካለፍኩ እንነጋገራለን። ከወደቅኩ አንነጋገርም።»

ይህ ደግ ነገር ነው ወይስ ክፉ? ማናችንም አላወቅንም። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ለምኑ እንዳለችው የማታውቅ መሰለች።

ጁላይ 9

ምሳውን ረስቶ ወሰድኩለት። ስልክ ላይ ነበር። አንድ ወጣት ቴክኒሽያን ማሊንዲ ያለውን የቅርንጫፉን ራውተር ከዚሁ ከሞምባሳ ሲያስተካክል መግቢያውን በራሱ ላይ ዘግቶ ቀርቷል፤ የተቀመጠበትን የዛፍ ቅርንጫፍ እንደሚቆርጥ ሰው።

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ከመንካትህ በፊት ‹በአሥር ደቂቃ ጠፍተህ ተነሣ› ብለኸዋል?» አለ።

«እእ...» አለ ልጁ ከወዲያ ማዶ።

«አላልከውም። ብትለው ኖሮ ጠፍቶ ሲነሣ ወደ ድሮው ይመለስልህ፣ በሩ ይከፈትልህ ነበር። ሁለተኛ ከሩቅ ያለ ራውተር እሱን ሳትል እንዳትነካ። አሁን መኪና ያዝ።»

«ጋሼ፣ ማሊንዲ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው!»

«መንገድ ላይ ትጸጸታለህ፤ ጊዜ ይበቃሃል።»

ሚስተር ዌኬሳ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሲያየኝ ያልሰማ መስሎ ሄደ።

ኦገስት 5

ሦስት ሰዓት ከሩብ ጠበቅኩ። ስክሪኑን በበሩ መስታወት አየሁት፤ ግድግዳ ያህላል። አባቴ ከፊቱ ትንሽ ልጅ መሰለ።

ወጣ። ልጅቷ የታተመውን ውጤት ሰጠችው። ለእኔ አልሰጠኝም። መልሶ ለእሷ ሰጣት።

«አንብቢልኝ፣ ልጄ። ጮክ በይ።»

ወረፋ ላይ ሰዎች ነበሩ።

«አልፈዋል» አለች።

አልጮኸም፣ አልዘለለም። «የቱ ክፍል ላይ ነው ዝቅ ያልኩት?» ብሎ ጠየቀ።

«ገመድ አልባው ላይ።»

«አዲስ ነገር ነው» አለ በንቀት። «እሱም ያድጋል።»

ምዜ ቻሮ ቤታችን መጥተው ጨፈሩ፤ የራሳቸውን መውደቅ የረሱ መስለው። እናቴ አለቀሰች። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልጽፍ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ሰርዣለሁ። ሐኪሙ ግራው አይመለስም ብሏል። የቀኙን ደግሞ «እናያለን» ብሏል። ወረቀቱ ግን አለ።

ኦገስት 6፣ ሐሙስ

ዛሬ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሥራ ሲሄድ አብሬው ወጣሁ። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል።

«አሁን ብለቅም» አለ፣ «እኔ ነኝ የምለቀው። አባረሩት አይባልም።»

«ልትለቅ ነው?»

«እኔ እንጃ። እስቲ መጀመሪያ ራውተሬን ልንካው።»

የወደቡ መንገድ ጥግ ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘ። እስከ ዛሬ ትከሻዬን የሚነካው ወሬ እንደሚያወራልኝ መስሎ ነበር። ዛሬ ግን ያዘኝ፣ በግልጽ፣ የሱቁ ሰዎች እያዩ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ላለቅስ ስል ደግሞ ተንኮል ነው የሚመጣልኝ።

«አባዬ፣ ደረጃ አለ» አልኩት።

እግሩን ከፍ አድርጎ አነሣና አየር ላይ ረገጠ። ሜዳ ነበር።

«አንቺ ሰይጣን!» ብሎ መንገዱ መሃል ቆሞ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ባለ ሦስት እግሩ ታክሲ ጥሩንባ እየነፋ በእኛ ዙሪያ አለፈ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ እውነተኛው ደረጃ መጣ። ነገርኩት።

አላመነኝም።